የመርከቡ ሰዓት በአጋሮ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች፣ ጅማ መርካቶ ባለችው ሱቄ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ትልቋ ሰዓት ዛሬውኑ ቀጥ ትበል፤ እኔም ጎሳዬ ዳግመኛ የሰዓት ክዳን አልክፈት። ከዚህ በላይ መሐላ የለኝም። ያቺን ሰዓት የማያውቅ የጅማ ሰው የታለና! የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር ሞተር የሚያስነሳው እሷን አይቶ ነው። ተማሪ ፈተና የሚገባው በእሷ ነው። አንድ ጊዜ አቧራዋን ልጠርግ ባወርዳት ግማሹ ከተማ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ባለቤቴ ብርሃንነሽ ምስክሬ ናት፤ የዚያን ቀን እኔም አልበላሁም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓት ጠግኛለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ብቻ አስጠግቼ፣ ሰዓቱ የት አገር እንደተሠራና ባለቤቱ ስንት ልጅ እንዳለው እናገራለሁ። እንዲህ ያለሁ ሰው፣ ጊዜን እንደ በቅሎ በልጓም የያዝኩት ሰው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጋሮ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲለያዩ እጄን አጣምሬ ተቀምጬ አየሁ። ፍቅራቸውን የገደልኩትም እኔ ነኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሬድዋንን የማውቀው በአጎቱ በቲጃኒ ነው። ቲጃኒ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእኔንና የእሱን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እሱ መኪናውን ሲረግጥ የእኔ ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ይጨፍራሉ። ሬድዋን እናትና አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ቲጃኒ ቤት ያደገ ነው። መልኩን ልንገራችሁ፤ መቼም እኔ ማጋነን አልወድም፤ ሱቄ በር ላይ የቆመ ጊዜ መብራት አበራለሁ፣ ቁመቱ ፀሐዩን ይከልልብኛል። ዓይኑ ግን የልጅ ዓይን ነው። ምግብ ማብሰል ተምሮ ጅማ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ቆየና፣ ፈረንጆች ለሽርሽር የሚሳፈሩበት ትልቅ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ተቀጠረ። መርከቡ አሥራ አራት ፎቅ ነው ብሎኛል። እኔ ለሰው ሳወራ ሃያ እላለሁ፤ አሥራ አራትማ አዲስ አበባም አለ።

ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው ሰዓት ሊመርጥ መጣ። ከኋላው፣ እንደማታውቀው ሰው ሁለት እርምጃ ርቃ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ገባች። ቀና ብዬ ሳያት የያዝኩት ወረንጦ ከእጄ ወደቀ። የአጋሮው የሐጂ ሀቢቡላህ ልጅ፣ ረይሃና! ሐጂ ሀቢቡላህ ማለት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላቸው፣ መቶ የጭነት መኪና የሚያሰማሩ ሰው ናቸው። (ቲጃኒ አራት መኪና ነው ይላል። ቲጃኒ መቁጠር የተማረው በአዝራር ነው።) ልጅቷ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምህንድስና ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር። የልብስ ሰፊ የወንድም ልጅና የሐጂ ልጅ! እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወር ይፈጅበት ነበር።

“ጋሼ ጎሳዬ፣” አለ ሬድዋን፣ “መርከቡ ላይ ሰዓቱ አንድ ቦታ አይረጋም አሉ። ወደ ምዕራብ ሲሄድ አንድ አንድ ሰዓት እያሉ ወደ ኋላ ይመልሱታል። የእኛ አገር ሰዓት እንዳይጠፋብኝ ፈልጌ ነው።”

“ስልክህስ?”

“ሥራ ላይ ስልክ አይያዝም። ደግሞም ስልክ ራሱን በራሱ ይቀይራል፤ አንዴ የወደቡን፣ አንዴ የመርከቡን። እሱን አምኖ መርከብ ያመለጠው ብዙ ነው አሉኝ።”

“እንግዲያው ሁለት ሰዓት ያስፈልግሃል። አንዱ የመርከቡ፣ አንዱ የጅማ።”

“አንዱ የ...” አለ።

ያን ጊዜ ተያዩ። ፊት ለፊት አይደለም። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው የጠረጴዛዬን መስታወት ነው የሚያዩት፤ ከሥሩ አርባ ሰዓት ተደርድሯል፣ ከላዩ ደግሞ የሁለቱ ፊት ወድቋል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቻቸው ተገናኙና ቀሩ። አርባውም ሰዓት ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል። አንዱም አላስቸኮላቸውም።

ሬድዋን አንዲት ቀለል ያለች ባለ ባትሪ ሰዓት ብድግ አደረገ። “ይቺ ትበቃኛለች።”

“ባትሪ?” አልኩ። “ባሕር መሃል ባትሪ ሲያልቅብህ ማን ሊቀይርልህ ነው? ዓሣ ነባሪ?” ከዚያ ከመሳቢያዬ ያንን ሰዓት አወጣሁት። ራሱን በራሱ የሚሞላ፣ ሆዱ ውስጥ ክንድ ሲወዛወዝ የሚዞር ጎማ ያለው፣ እንደ እሱ ያለ በኢትዮጵያ ምድር ሦስት ብቻ ነው የሚገኘው። “ይህ የሚኖረው በሰው ክንድ ላይ ነው። ባትሪ የለው፣ መጠምዘዝ የለው። አንተ በሕይወት እስካለህ እሱም አለ።”

ረይሃና ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። “እጁ ላይ ካልዋለስ፣ ጋሼ?”

“ካልዋለማ በቀን ተኩል ይቆማል። ግን የሚወዳትን አገር ሰዓት ከእጁ የሚያወልቅ ወንድ አለ እንዴ?”

ሁለቱም ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እኔ ሣቅኩ። ያ ሣቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተቀርቅሯል።

“የመርከቡን ሰዓት ደግሞ እኔ ልያዝ፣” አለች ረይሃና ያቺን ባለ ባትሪ እያነሳች። “የመርከቡ ሰዓት በየግድግዳው ተሰቅሎለታል፤ ለእሱ ምን ያደርግለታል? የእኔን ሰዓት እሱ ይሰር፣ የእሱን እኔ ልሰር።”

ሬድዋን ሰዓቷን ከእጇ ተቀብሎ ማሰሪያዋን በራሱ እጅ አስተካከለላት፤ ጣቱ ክንዷን ሳይነካ። ያንን አለመንካት ያየ ሰው፣ መነካካት ምን ዋጋ አለው ይል ነበር።

*

ደብዳቤው የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ነው። መርከቡ ላይ ማታ ማታ የነገው ፕሮግራም የታተመበት ወረቀት ይታደላል። ሰዓት የሚቀየር ከሆነ ግርጌው ላይ “ዛሬ ሌሊት ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ” የሚል ትእዛዝ አለው። ሬድዋን በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእጁ ይጽፍና ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልክላታል። ፊቱ የሰዓቱ ትእዛዝ፣ ጀርባው ልቡ።

“ረይሁ፣” ይላል አንዱ፣ “ዛሬ ጠዋት ስድስት መቶ እንቁላል ስሰብር አንዱ ውስጥ ሁለት አስኳል አገኘሁ። ለማን ልንገር? እዚህ የሚሰማኝ ሁሉ ቋንቋዬን አያውቅም። ሰዓቴን ሳየው አጋሮ መግሪብ ደርሷል። አባትሽ ውዱእ እያደረጉ ነው፣ አንቺ ጀበናውን ሳይሆን መጽሐፍሽን ይዘሽ ተደብቀሻል አልኩ። ልክ ነኝ?”

ልክ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ደብዳቤው ሲመጣ እየመጣች ታነብልኝ ስለነበረ ነው። ለእኔ ያልተነበበ የፍቅር ደብዳቤ ጅማ ውስጥ የለም። እውነቱን ለመናገር ግን የምትመጣበት ሌላም ምክንያት ነበር።

ሬድዋን ከሄደ በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ሱቄ ገብታ ሰዓቷን ፈትታ መስታወቱ ላይ አኖረችው። ዓይኗ አብጧል።

“ይውሰዱት፣ ጋሼ። አልፈልገውም።”

“ማል ታኤ? ምን ሆንሽ ልጄ?”

“ዋሽቶኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩለት፣ ሥራ ሊገባ ሲል ድምፁን ልሰማ ብዬ። ያንሾካሹካል! ‘ለምን ታንሾካሹካለህ?’ ስለው ‘ሰው ተኝቷል’ ይለኛል። ‘ማነው የተኛው?’ ስለው ‘ቀስ በይ፣ ይነሳብኛል’ ብሎ ዘጋብኝ። ፀሐይ ወጥታ የሚተኛ የወጥ ቤት ሠራተኛ አለ? ሁለት ሳምንት ሆነኝ ካላናገርኩት።”

ሰዓቷን አነሳሁ። ጆሮዬ ላይ አደረግኋት፤ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ሰው ሲያየኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት አሳዪኝ አልኳት።

“ወደ ኋላ መልሱ ነው የሚለው፣” አልኩ። “አንቺ ወደ ፊት ገፍተሽዋል። እሱ ጋ አንድ ሰዓት አልነበረም፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጎህ አልቀደደም። የተኛው አንድ ክፍል የሚጋራው ሰውዬ ነው!”

ረይሃና አፏን በሻርፗ ጫፍ ይዛ መጀመሪያ ሣቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ የቱን እንደምታደርግ ጠፋባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓቷን ራሷ አትነካም። “እጄን አላምነውም፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይመልሱልኝ” እያለች በወረቀቱ ትእዛዝ ሁሉ ትመጣለች። እኔም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ወደ ፊት፣ መርከቡን ከጅማ ሆኜ እንደነዳሁት ቁጠሩት።

አንድ ጊዜ ስመልስላት ጣቶቼን ስታይ ቆየችና፣

“ጋሼ ጎሳዬ፣ አንድ ሰው በስንት ሰዓት ነው የሚኖረው?” አለችኝ።

“እኔ በአርባ እኖራለሁ፣ ምን ሆንኩ?”

“እርስዎ እኮ በአንዱም ሰው አይጠብቁም፣” አለች ፈገግ ብላ።

ፈገግታው ዓይኗ ጋ አልደረሰም። እኔ ግን ማሰሪያው ጠብቆባት ይሆናል ብዬ አንድ ቀዳዳ አላላሁላት።

*

ትምህርቷን ጨርሳ አጋሮ ገባች፣ የአባቷን ማጠቢያ ጣቢያ መምራት ጀመረች። ወዲያው የጣሪቅ ሽማግሌዎች መጡ። ጣሪቅ የቡና ላኪ ልጅ ነው፤ መልካም ልጅ ነው፣ ይህንን መደበቅ አልችልም፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኬ ባማረ። ረይሃና አባቷ ፊት ቆማ “እኔ የምፈልገው አለ” አለች። በአጋሮ እንዲህ ያለች ልጅ ከመቶ ዓመት ወዲህ አልታየችም።

ቲጃኒ ከክር በቀር ምንም ለምኖ አያውቅም። ያን ሰሞን መርፌ አፉ ውስጥ እንዳለ መጣና “ጎሳዬ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ምላስ አለህ፣ አብረኸኝ ሂድ” አለኝ። ሄድን።

ሐጂ ሀቢቡላህ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። እንደተናደደ ነጋዴ ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

“ቲጃኒ፣ አንተን አከብርሃለሁ፣” አሉ። “የአባቴን ጀለቢያ የሰፋው አባትህ ነው። ድህነት ነውር አይደለም፣ ወላሂ። ግን ልጁን አላውቀውም። አንድ ቀን ፊቴ ቆሞ አያውቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይቺን ልጅ እንደ እንቁላል ይዤ ነው ያሳደግኳት፣ ለመርከብ አልድርም። ለሰው ከሆነ ድምፁን ልስማ።”

“እንዴት ይሁን፣ ሐጂ?” አልኩ።

“ዓርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውል። በራሱ አንደበት ይጠይቀኝ። ከወደድኩት ቲጃኒ ወኪሉ ሆኖ ነገሩን እንጨርሳለን። የዐስር ሶላት አዛን ካለ በኋላ ግን ለጣሪቅ ሰዎች እሺ እላለሁ። ሁለት ዓመት ጠብቃለች። አንዲት ሰዓት ማክበር ያቃተው ሰው ሚስት ያከብራል?”

የሐጂ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ከመርከቡ ኢንተርኔት ጋር አትተዋወቅም። ስለዚህ ሬድዋን በረይሃና ስልክ ይደውላል፣ እሷ ጓዳ ሆና ትጠብቃለች፣ ሲመጣ ለአባቷ ታቀብላለች ተባለ። ያን ሳምንት መርከቡ አትላንቲክን እያቋረጠ ነበር፤ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። የእኛ ዘጠኝ ሰዓት የእነሱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ቁርስ አንስተው ምሳ ሳይጀምሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ያርፋል። እኔ ራሴ አስልቼ አረጋገጥኩ። “ተኛ፣ ቲጃኒ፣” አልኩት። “ሰዓቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ።”

*

ዓርብ ዕለት ከጁሙዓ በኋላ ሐጂ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሐጂ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቲጃኒና እኔ። ለሠርጌ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ አጋሮ ስገባ ሕዝቡ ሚኒስትር መጣ ብሎ መንገድ ለቀቀ። ተምር ቀረበ። የግድግዳው ሰዓት ከስምንት ሰዓት ከሃምሳ ጀምሮ የሚረግጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

የረይሃና የአክስት ልጅ የሆነችው ናኢማ፣ ያን ቀን ረይሃና አጠገብ እንድትሆን የመጣችው ልጅ፣ ሻይ ይዛ ወጣች። ስትቀዳ ሁላችንም ወደ ጓዳው መጋረጃ እናያለን። መጋረጃው አይንቀሳቀስም።

ዘጠኝ ከአምስት። “ኔትወርክ ይሆናል፣” አለ ቲጃኒ።

ዘጠኝ ከአሥር። ሐጂ አንዲት ተምር አንስተው መልሰው አኖሯት።

ናኢማ ልታጽናናኝ ፈልጋ ይሁን ፍርሃቷን ልትረሳ፣ ብርጭቆዬን ስትሞላ ስልኳን ቀስ ብላ አሳየችኝ። “አይተውታል ጋሼ? ባለፈው ሳምንት ለረይሁ የላከው ነው።”

ሬድዋን ነው። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ትልቅ ብረት ድስት ፊት ቆሞ ይስቃል። ፎቶውን አቀረብኩት። ግራ ክንዱን አየሁ። ቀኝ ክንዱን አየሁ።

ባዶ ነው።

“ሰዓቱስ?” አልኩ።

“ወጥ ቤት ውስጥ ሰዓት ማሰር አይፈቀድም እኮ። ለንጽሕና ነው አሉ። አልጋው አጠገብ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።”

ሣጥን ውስጥ!

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በሰው ክንድ የሚኖር ሰዓት ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በቀን ተኩል ይሞታል። ለካ ልጁ አሁን አትላንቲክ መሃል ሆኖ የሞተ ሰዓት ያያል፤ የሞተው ሰዓት ‘ገና ነው፣ ገና ነው’ ይለዋል። ያንን ሰዓት ደግሞ እጁ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያቺን ባለ ባትሪ ይዞ ነበር እኮ! መርጧት ነበር! እኔ ነኝ በዓሣ ነባሪ ቀልድ ያስመለስኩት!

ተነስቼ ልጮህ ፈለግኩ። ለማን? ሐጂን ‘ጥፋቱ የእኔ ነው’ ብላቸው ‘እሺ፣ ታዲያ ልጁ የት አለ?’ ይሉኛል። ባሕሩን መጥራት አይቻል። መርከቡ ጋ በሩጫ አይደረስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቆመ ሰዓት ሁሉ እጄ ሲገባ ይነሳ ነበር፤ ይህ አንዱ ግን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ ጣቴ በማይደርስበት ቆሟል።

“ናኢማ፣” አልኩ በጆሮዋ፣ “ግቢና ለረይሃና ንገሪያት፣ እሷ ትደውልለት! አሁኑኑ!”

ገባች። ወጣች። ራሷን ነቀነቀች።

“እምቢ አለች። ‘የሚደውለው እሱ ነው’ አለች።”

ኩራቷ ነው አልኩ። የሐጂ ልጅ ናት። ልቤ ይበልጥ ተሰበረ።

ዘጠኝ ከሃያ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት። የግድግዳውን ሰዓት ዓይኔ ብቻውን ሊያቆመው የሚችል ይመስል አፍጥጬ አየሁት። ጊዜን የሚያዘው ጎሳዬ! ሰከንድ ቆጣሪዋ መርፌ ከምንም ሳትቆጥረኝ ዞረች። ከመስጊዱ ድምጽ ማጉያ መጀመሪያ አንድ ሳል፣ ከዚያ አዛኑ መጣ። እንዲህ ያለ የሚያምር አዛን ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ የሚያስፈራም።

ሐጂ ተነሱ። መጋረጃው ተገለጠና ረይሃና ወጣች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። የመርከቡ ሰዓት ክንዷ ላይ ነው።

“ልጄ?” አሏት አባቷ። እንደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጁ ቢደውል ኖሮ ይወዱት እንደነበር የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

“አዛን ብሏል፣ አባ፣” አለች። “ሶላትዎ እንዳያመልጥዎ።”

ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከአምስቱ ወንዶች መሃል እኔን ብቻ። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ማሰሪያው ጠብቆባታል ብዬ ያላላሁላት ቀን ባየችኝ አስተያየት አየችኝ፣ እኔም እንደ ሌባ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ጣልኩ።

*

ጣሪቅንም አላገባችው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ራሷ ወጥታ በክብር መለሰቻቸው፤ ሐጂም አልከለከሏትም። እየጠበቀችው ነው አልኩ እኔ። የቆመ ሰዓት የሰበረውን ልብ ይዛ፣ ያንን የመርከብ ሰዓት ክንዷ ላይ አስራ፣ አጋሮ ቡና ስታጥብ ዓመት ሞላት።

ከሬድዋን አንድ ወረቀት ብቻ መጣ፣ በቲጃኒ ስልክ። እንደ ልማዱ በፕሮግራሙ ጀርባ ተጽፏል። “ጋሼ ጎሳዬ፣ ሰዓቱን አይውቀሱት። ጥሩ ሰዓት ነው። አጎቴን አደራ።” ይኸው ነው፤ ስለ ሰዓቱ መጠየቄን ናኢማ ሳትነግረው አልቀረችም። እንዲህ ያለ ልጅ! በእኔ ጥፋት ሕይወቱ ፈርሶ፣ እኔን ያጽናናኛል። ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ለአንድም ሰው አልሸጥኩም፤ ከሦስት አገር ድረስ እየመጡ ቢለምኑኝም።

እዚህ ድረስ ያለውን ጽፌ የጨረስኩት ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ለመጽሔቱ ልልከው ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ረይሃና ሱቄ ገባች። ሰዓቷን ፈትታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ባትሪ አልቆባት ይሆናል አልኩ በልቤ። ከዚያ ግን እግዜር ራሱ አመጣት ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው መሐላ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበብኩላት። ስለ ሣጥኑ የሚለው ጋ ስደርስ ውኃ ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ “ይቅር በይኝ” አልኳት።

ቲጃኒ ማዶ መኪናውን ይረግጣል፣ ብሎኖቼ ይንቀጠቀጣሉ።

“ደውሎ ነበር እኮ፣ ጋሼ፣” አለች።

“ማን?”

“ሬድዋን። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ናኢማ ሻይ ይዛ ወደ እናንተ እንደወጣች። ሽማግሌ ፊት እንዳይጮህ ድምፁን አጥፍቼው ነበር፤ እጄ ውስጥ ነው የተንቀጠቀጠው። ሦስት ጊዜ ደወለ። ሰዓቱ ቆሞ አያውቅም። ማታ ከሥራ ሲወጣ አስሮት ነው የሚያድረው፣ በመጀመሪያው ወር ነግሮኛል።”

ወረቀቶቹን መስታወቱ ላይ አኖርኩ።

“ታዲያ... ለምን?”

“የመጀመሪያው ሲመጣ ስልኩን አላየሁም። ይቺን ነው ያየሁት፣” አለች ወደ ሰዓቷ በጣቷ እያመለከተች። “እሱ ጋ አራት ሰዓት ነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አለው አልኩ። ሁለተኛው ሲመጣ አሥራ ሁለት ቀረው አልኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ዘጠኝ። አባቴን ለመጥራት ይበቃ ነበር፤ ይበቃ ነበር፣ ጋሼ። ግን እንዲህ ስቆጥር ዕድሜዬ ሙሉ ታየኝ። ልጅ ወልጄ ስቆጥር። አባቴን ቀብሬ ስቆጥር። እጄ አልነሳ አለኝ። በማግስቱ ሁሉንም ጻፍኩለት።”

“ትወጂው አልነበረም?”

“እወደዋለሁ፣” አለች። ዓይኗ ሳይረጥብ፣ እንደ አንድ የአየር ጠባይ ነገር አድርጋ። “እሱ ሌላ ነገር ነው።”

“እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ በእኔ የተነሳ...”

“እርስዎ የሉበትም፣ ጋሼ ጎሳዬ፣” አለች በትሕትና።

ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥፋቴን ከእጄ ስትወስድብኝ የተዘረፍኩ ያህል ከፋኝ። የማደርገው ሳጣ ሰዓቷን አነሳሁና ክዳኗን ልከፍት ወረንጦ ፈለግኩ።

“ባትሪዋ ደህና ነው። ከዚያን ዓርብ ወዲህ ስላልነካኋት አሁንም ባሕሩ መሃል ናት። በአጋሮ ሰዓት ያድርጉልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። እጄን አላምነውም።”

ቁልፏን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። አምስት ሰዓት ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው፤ ሕፃን ይሠራዋል። ትክክለኛውን ደቂቃ ልይ ብዬ ቀና አልኩና ግድግዳዬ ላይ ያለችውን ትልቋን ሰዓት አየሁ።

“በእሷ አይደለም፣” አለች ረይሃና ስልኳን አውጥታ እያቀረበችልኝ። “እሷ አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ናት። ተማሪ ሆኜም እንዲሁ ነበረች። ሁላችንም ደምረን ነው የምናያት።”